ነጭ ጭስ እና የአባቴ ጆሮ

መኪናዋ ነጭ ጭስ መትፋት የጀመረችው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሸሕዲ ዳርቻ፣ ከቤታችን ጀርባ ቆማ ከርማለች። የእኛ ቆላ ጥቁር አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ እንኳን መኪና፣ ሰውም ጫማውን ትቶለት ነው የሚያልፈው። መሬቱ ደረቅ ሲል፣ ሰሊጡም ለአጨዳ ሲደርስ ባትሪዋን አስሞልቼ አስነሣኋት። ብዙ ካስለመነችኝ በኋላ ተነሣች። ግቢው ነጭ ሆነ። የጎረቤት ዶሮዎች እየተንጫጩ ሸሹ፤ ባለቤታቸውም ከአጥሩ ወዲያ ሆና ረገመችኝ።

ጥቁር ጭስ ቢሆን አልደነግጥም ነበር። በጀሪካን የምንገዛው ናፍጣ ምን ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም አያውቀው። ነጭ ጭስ ግን ወይ ሞተሩ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው፣ ወይ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው። የሚለየው ደግሞ በአፍንጫ ነው። ከጭስ ማውጫው ፊት ቆሜ ሳብ አደረግኩት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ እንባዬ ወረደ፣ ጉሮሮዬን ናፍጣ ናፍጣ አለኝ። ውሃ አይደለም። ናፍጣው በጊዜው እየነደደ አይደለም ማለት ነው።

አባቴ ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው ሥር፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ በአንገረቡ ላይ ተጋድሞ ነበር። ጭሱ እሱም ዘንድ ደረሰና አሳለው። ሳሉ እስኪበርድለት ጠበቅኩ።

«ታይሚንጓ ነው» አለኝ። «ፖምፓው ዘግይቷል።»

ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ እለው ነበር። ስጽፈው ግን «አሉ፣ ሄዱ» ብል የሌላ ሰው አባት ይመስለኛልና እንዲሁ እንደ ልቤ ልጻፈው።

አባቴ ይህችን አሮጌ የጣሊያን መኪና ዕድሜውን ሙሉ ነድቷታል። ከመንዳቱ በላይ የሚታወቀው ግን በጆሮው ነበር። ፖምፓው ናፍጣውን የሚረጭበት ሰዓት ከሞተሩ ጋር ሲጣላ ሾፌሮች ከመተማ ዮሐንስም ከሳንጃም መኪናቸውን ይዘውለት ይመጣሉ። ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ አቁሞ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል። የፖምፓውን ቦሎኖች አላልተው ትንሽ በትንሽ ያዞሩለታል፤ ከዚያ ድንገት «ቁም» ይላል። አለቀ። እኔን መንዳት አስተማረኝ፣ ጎማ መቀየር፣ ኖዝል ማጠብ፣ ፍሬን መሥራት አስተማረኝ። ፖምፓ ግን አላስነካኝም። «እሱን ከሞትኩ በኋላ ትነካዋለህ» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

አሁን መሳቁ ቀርቷል። የጎንደሩ ሐኪም ጉበቱ እንዳለቀ ነግሮን፣ «ቤቱ ይረፍ» ብሎ ሰዶናል። ሐኪም «ቤቱ ይረፍ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ከወገራ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ አባቴን እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሐሩር ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከሚኒባስ ወረዱ። ላብ ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ «ይህ ሰው የሚኖርበት አገር ነው?» አሉ፤ ከሰላምታቸው የቀደመው ይኸው ነበር። ኮቱን ያውልቁ ብንላቸው «ቆላ ለብሼ ገባሁ፣ ለብሼ እወጣለሁ» አሉ። እኔ ወንድማቸውን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነበር። ሊወስዱት ነው የመጡት።

ከደጋ ወርደን ቆላ የሰፈርን ሰዎች እንዲህ ያለ ልማድ አለን። ቆላ ይታረስበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጅ ይወለድበታል። መቀበር ግን አባት ከተቀበረበት ደጋ ነው። ሬሳ በዚህ ሙቀት፣ በየኬላው እየቆመ ወገራ ስለማይደርስ ሰው መሞቻው ሲቃረብ በነፍሱ ይወሰዳል። እዚያ ዘመድ አይቶ፣ ብርድ አግኝቶት ያርፋል። አጎቴ ቦታውን ሁሉ ለይተው ነው የወረዱት፤ ከአባታቸው መቃብር አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር። ይህን ሲነግሩት አባቴ እጃቸውን ስሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችልም። ከነአንገረቡ የሚጫንበት ካሶኒ ያስፈልጋል። የሰው መኪና ለምነን ነበር፤ ነገር ግን ሊሞት የተቃረበ ሰው መጫን ሾፌር ሁሉ ይፈራል። መንገድ ላይ ቢያርፍበት ለስንቱ ኬላ ያስረዳል? መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ «ነገ ይታለፋል» ይባልና መኪናው ሁሉ ተከታትሎ አብሮ ይወጣል። በዚያ ሰልፍ መሀል ከነጋዴ ባሕር ወደ አይከል በሚያስወጣው ዳገት ላይ እየጨሰች የምትቆም መኪና ይዞ መግባት ከኋላ ያለውንም ማስፈጀት ነው። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ጭሱ ከጠፋ አባቴ ወገራ ይገባል። ካልጠፋ እዚሁ ይቀራል።

እዚህ መቅረት ማለት እናቴ አጠገብ ማለት ነው። እናቴ የጎጃም ሰው ነበረች። የወረደችው ከሳሉጎች ጋር ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። አባቴ ሠራተኞቹን ሸሕዲ ከሚቀጠሩበት ሜዳ ወደ እርሻው ሲያመላልስ ነው ያገኛት። «ወባ ይዟት ጋቢና ባስገባት፣ በዚያው ሳትወርድ ቀረች» እያለ ይቀልድባት ነበር። የወገራ ዘመዶቹ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ማጭድ ይዛ የመጣች፣ አባቷን የማያውቁት ሴት ለወንድማቸው አትመጥንም አሉ። ስትታመምም ስትሞትም ከወገራ አንድ ሰው አልወረደም። ሸሕዲ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ቁርቁራ ዛፍ አጠገብ ተቀበረች። አባቴ ጤና እያለ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሳይደርስ መኪና አያስነሣም ነበር።

እንግዲህ ሥራ ጀመርን። ፖምፓ ለመጀመሪያ ጊዜ ልነካ ነው። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል አንገረቡን ከነአባቴ ወደ መኪናዋ እናስጠጋለን። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ቦሎኖቹን አላላለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ወደ ውጭ ሳብ» ይለኛል። «ጥቂት። ቁም። እሰር።»

አስሬ አስነሣታለሁ። ትናንት ዘለግ ካለ ጊዜ በኋላ የተነሣችው መኪና ዛሬ ጭራሽ ታስለምነኛለች። ጭሱም ይብሳል። «ባሰባት እኮ አባባ» እለዋለሁ።

«ይባስባት። መጀመሪያ ፈጽማ መጥፋት አለባት፤ ከዚያ ነው የምንፈልጋት። ነገ ደግሞ ጥቂት ወደ ውጭ ትስበዋለህ።»

ዓይኔ ያየውን የእሱ ጆሮ ሻረው። አንድ ሰው የሞተር ነገር በጆሮው ሲፈርድ እያየህ ካደግክ፣ ያውም አባትህ ከሆነ፣ ጭሱን እያየህም ቢሆን ጭሱን አታምነውም። ይህ የእኛ ቤት በሽታ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ዝናብ አይመጣም ካለ፣ እየዘነበብንም ቢሆን ልብስ የምናሰጣ ሰዎች ነን።

ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ የሚውል ሰው ጠዋት ላይ ፊቱ ይፈታል። ቁልፍ ስሳሳት ይቆጣኛል። «በእጅህ ነው በእግርህ የምታስረው?» ይለኛል። የሞተር ነገር እያወራን በሽታው መሀላችን የሌለ ይመስለኝ ነበር።

በራሴም ያልሞከርኩት የለም። ኖዝሎቹን አወጣሁ፣ አጠብኩ። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየርኩ። የገባ አየር ካለ ብዬ ቧንቧዎቹን አላልቼ አስወጣሁ። የጀሪካኑን ናፍጣ ደፍቼ የማምነውን ሰው ለምኜ ሌላ አመጣሁ። አልተሻላትም። አጎቴ ኮታቸውን እንደለበሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ዛሬስ?» ይላሉ። «ዛሬም አልሆነም ጋሼ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በላስቲክ ይዘው መጥተው ኮፈኗ ላይ ረጩባት። ሞተሯ ሙቅ ነበርና ጠበሉ ጭስ ብሎ ተነነ። አጎቴ አማተቡ፤ እኔ ሳቄን ለመደበቅ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቆይቼ ስወጣ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩባቸውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ ሰፈሩ ሲያማኝ ከርሟል። «ልጅየው መኪናዋን ሆን ብሎ ነው የሚያጨሳት፤ አባቱ ወገራ ከሄደ ዘመዶቹ ይወርሷታል ብሎ ፈርቶ ነው» ይሉ ነበር። የነገረችኝ ያቺው ባለ ዶሮዋ ጎረቤቴ ናት። ደሜ ፈላ። ያን ቀን ከማንም ጋር ሳልነጋገር መተማ ዮሐንስ ወረድኩና አንድ መካኒክ ጠየቅኩ። ሰውየው ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሠራ፣ እዚያ ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡን ይዞ በእግሩ ድንበር የተሻገረ ነው። እሁድ ብቻ እንደሚመቸው ነገረኝ፤ እስላም ስለሆነ እሁድ ለእሱ የሥራ ቀን ነው። ለእኛ ነውር ነው። ለታመመ ሰው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና እሺ አልኩት።

እሁድ አጎቴ ቅዳሴ ሄደዋል። መካኒኩ ሲመጣ አባቴ ቀና ብሎ አየው፤ ደስ አላለውም። «እኔ እያለሁ ምን ያደርጋል?» አለኝ ቀስ ብሎ። ስለ ኖዝል ነው የመጣው ብዬ ዋሸሁት።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓውን ብዙ አየው። ከዚያ ጨርቅ በናፍጣ ነክሮ አንድ ቦታ ጠረገ። ቅባትና አቧራ ከሸፈነው ቦታ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፤ አንዱ ፖምፓው ላይ፣ አንዱ ሞተሩ ላይ። ድሮ ስትሠራ የተሰመሩ ናቸው።

«እነዚህ ፊት ለፊት መግጠም ነበረባቸው» አለኝ። «እየው፣ የትና የት እንዳሉ። ፖምፓው እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ ተስቧል። ወደ ውጭ ማለት ማዘግየት ነው። ነጭ ጭስ ላላት መኪና ማዘግየት ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ነው የሚያዘኝ» አልኩት።

የአባቴን ዝና ያውቃል፤ መተማ ውስጥ የማያውቀው መካኒክ የለም። አባቴ ወዳለበት ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወላሂ፣ ይህ የማያውቅ ሰው ሥራ አይደለም። የማያውቅ ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ይህ ግን በየቀኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሄደው።»

በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ያ ጆሮ ጠፋ፣ አበቃ አልኩ። መካኒኩ ቦሎኖቹን አላልቶ ፖምፓውን ወደ ሞተሩ ገፋው፤ መስመሮቹን አጋጠመና አሰረ። ጋቢና ገብቼ ቁልፉን ነካሁ። ገና ስነካው ተነሣች። መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ተፋች፣ ከዚያ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ነገር በዓይን የማይታይ ሆነ። እንዲህ ጥርት ብላ ስትሠራ ከሰማኋት ዓመታት አልፈዋል። ኖዝሎቹም ፖምፓውም ተስማምተዋል። ከጋቢና ዘልዬ ወርጄ፣ ደስታውን ላየው ወደ አባቴ ሮጥኩ።

አባቴ ጋቢውን እስከ ራሱ ስቦ ተሸፋፍኗል። ከጋቢው ሥር ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሞተሩን አጥፍቼ መካኒኩን እጁን እንዲታጠብ ላክሁት። ተመልሼ መሬት ላይ፣ ከራስጌው በኩል ተቀመጥኩ። ከዚያ መጠየቅ የማልፈልገውን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ አውቀው ነው?»

ጋቢውን ከፊቱ ሳያነሣ መለሰልኝ። «ታላቄ ነው። እሱ ተርቦ እኔን አብልቶኛል። ፊቱን እያየሁ እንቢ ልበለው?»

«ታዲያ መሄድ አይፈልጉም?»

«እናትህን ለማን ጥያት? ስትቀበር አንድ ሰው አልመጣላትም፤ እኔና አንተ፣ የሳሉግ ጓደኞቿም ነን ያለቀስንላት። አሁን ደግሞ እኔን ወስደው ብቻዋን ሊያስቀሯት።» ሳል ያዘው፤ ጠበቅኩት። «እኔ እንቢ ማለት ካልቻልኩ መኪናዋ እንቢ ትበልልኝ ብዬ ነው።»

ለካ ጆሮው እንደ ድሮው ነው። በየጠዋቱ ሞተሩን አዳምጦ፣ የትኛው ላይ እንደምትጠፋ አውቆ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲያርቃት ከርሟል። አንድ ጊዜ ቢያበላሻት ወንድሙ ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ፤ በየቀኑ ተስፋ እየሰጠ ቀኑን ገፋው። ለእኔ ያልነገረኝ ለምን እንደሆነም ገባኝ። ቢነግረኝ አጎቴን መዋሸት የእኔ ሥራ ይሆን ነበር። ያን ሊያወርድብኝ አልፈለገም።

ተነሣሁ። መካኒኩን ሄጄ ነገርኩት፤ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝና ቁልፉን አቀበለኝ። «ከጠየቁኝ አልዳነችም እላለሁ» አለኝ፣ ይህንኑ ብቻ። ቦሎኖቹን አላላሁ። ፖምፓውን እስከሚሄድበት ድረስ ወደ ውጭ ሳብኩት፣ አሰርኩት። ሥራውን ስጨርስ ከቅዳሴ የወጣው ሰው በመንገዱ መታየት ጀምሯል። አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሩቅ ሲመጡ አስነሣኋት። ግቢው በጭስ ተሞላ። አባቴ ጭሱ ውስጥ ሲያስል፣ ትንፋሽ አጥሮት አንገረቡን በእጁ ሲጨብጥ እያየሁ ነዳጅ መስጠቴን አላቆምኩም። አጎቴ በር ላይ ቆመው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ብዙ አዩን።

«በቃ አጥፋት» አሉ። «እግዚአብሔር አልፈቀደም።»

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን አጎቴ በሚኒባስ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንገረቡ አጠገብ ተንበርክከው የአባቴን ግንባር ሳሙ፤ እሱም ጉልበታቸውን ለመሳም ተንጠራራ፣ አልደረሰም። ሁለት ሽማግሌዎች እየተላቀሱ ተሰነባበቱ። እዚህ ምድር ላይ ዳግም እንደማይተያዩ ሁለቱም ያውቁታል። መጥፎ ሰው አልነበሩም አጎቴ። ወንድማቸውን እንደ ልጅ አሳድገው፣ እንደ ልጅ ሊቀብሩት መጥተው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮት አዩኝ።

«አባትህን ከአባቱ ለየኸው» አሉኝ። «አንተ ነህ። አውቄዋለሁ፤ ሰፈሩም ያወራዋል።»

አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ብነግራቸው አባቴን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ ዝም ካልኩ ሐሜቱን ማመኔ ነው። ዝም አልኩ። ሚኒባሱ ወጣ። በኋላ ለተዝካሩም ስልክ ደውዬላቸው አልመጡም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ሰሊጡ ታጭዶ፣ በመንገዱ ላይ ጭነት የያዙ መኪኖች ቀን ከሌት የሚያጓሩበት ወቅት ነበር። ትኩሳቱ ሲጨምር አእምሮው ይሄድ ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ እናቴን ይጠራታል፣ አንዳንዴ እኔን በወንድሙ ስም ይጠራኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ራኩባውን ሊያቃጥል ሲደርስ፣ አንድ ጭነት የከበዳት መኪና በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች በቤታችን በኩል አለፈች። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። የሰማው ድምፅ የራሱ መኪና መስሎታል፤ ካሶኒ ላይ ተጭኖ የሚሄድ መስሎታል።

«የት ደረስን?» አለኝ።

ምን ልበለው? ሰው መሞቻው ሲደርስ የተወለደበትን አገር ይናፍቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ያኔ የነገረኝ ሁሉ ለእናቴ ክብር ሲል በውስጡ እየታገለ የተናገረው ይሆናል፣ አሁን ልቡ ደጋውን ፈልጎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደስ ይበለው ብዬ «አይከልን አልፈናል አባባ» አልኩት። «ወደ አዘዞ እየተቃረብን ነው። ነፋሱ ቀዝቅዟል።»

ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ እጄን ያዘና ከአንገረቡ ሊነሣ ታገለ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ነበር።

«መልሰኝ» አለኝ። «ማን አዘዘህ? መልሰኝ ልጄ፣ መልሰኝ።»

«እሺ፣ እሺ፣ አዞርኩት። ይኸው እየተመለስን ነው።»

«በማርሽ ውረድ። ዳገቱ ሲያልቅ ፍሬን አታብዛ፣ ይግላል።»

«በማርሽ ነው የምወርደው።»

እጄን እንደያዘ ተመልሶ ተኛ። መንገዱን እንደነገርኩት አስታውሳለሁ፤ መታጠፊያውን በመታጠፊያ፣ ድልድዩን በድልድይ፣ እሱ ራሱ እንዳስተማረኝ አድርጌ። ነጋዴ ባሕር ገባን አልኩት። ኬላው አሳለፈን አልኩት። ሙቀቱ መጣ፣ ሜዳው ተከፈተ፣ ሰሊጡ ተከምሮ ይታያል አልኩት። ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ታየ?» አለኝ።

«ታየ አባባ። ደርሰናል። ሸሕዲ ነን።»

ጥቂት አዳመጠ። እኔም አብሬው አዳመጥኩ፤ ከዝንብ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም ነበር።

«በል አጥፋት» አለኝ።

«አጠፋኋት» አልኩት።